የጋፋቱ ቅጠል በጣሽ

ጋፋት ሲነሳ አብዛኞቻችን የምናስበው ሴባስቶፖልን ነው። ከደብረ ታቦር ከተማ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቃ በምትገኘው በዚያች ኮረብታ ላይ አፄ ቴዎድሮስ ያሰባሰቧቸው ፈረንጆች ከአገሬው ሠራተኛ ጋር ሆነው ማዕድን እያቀለጡ መድፍ ማፍሰሳቸውን ከትምህርት ቤት ጀምሮ ሰምተናል። ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝነው ትልቁ መድፍ በ1867 ተሠርቶ፣ በሰው ጉልበት መቅደላ ድረስ ተጎተተ። ዛሬ ምስሉ አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ ቆሟል። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልኝ።)

በዚያው ዘመን፣ በዚያው አገር፣ መድፍ የማይሠራ አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ ነበር። ስሙ ጌኦርግ ቪልሄልም ሺምፐር ይባላል። በደብረ ታቦርና በጋፋት ዙሪያ ቅጠልና አበባ፣ ሣርና ሥር እየለቀመ በወረቀት መሃል ያደርቅ ነበር። አገራችን እንዲህ ላለው ሰው የቆየ ስም አላት፤ ሥር ማሽ፣ ቅጠል በጣሽ። ግማሹ ፍርሃት፣ ግማሹ ንቀት የሆነ ስም ነው። ሺምፐር ግን ቅጠል የሚበጥሰው ለመድኃኒትም ለመተትም አልነበረም። በዓለም ላይ ያለው ተክል ሁሉ ተለቅሞ፣ ተቆጥሮ፣ ስም ይውጣለት ብሎ የተነሳው የ19ኛው ክፍለ ዘመን ሳይንስ ያሰማራው ሰው ነው።

ስለዚህ ሰው እንድጽፍ ያነሳሱኝ ሁለት ነገሮች ናቸው። አንዱ ድንች ነው። ሌላው ደግሞ ሺምፐር ሳያየው ከቅጠሉ ጋር አብሮ የለቀመው፣ በዓይን የማይታየው ፍጥረት ነው። ሁለቱም ዛሬ ፋርጣና ላይ ጋይንት ላለው ገበሬ ከሴባስቶፖል ይልቅ ይቀርቡታል ብዬ አምናለሁ።

ሺምፐር በ1804 በባቫሪያ፣ ላውፍ በምትባል ከተማ ተወለደ። ቤተሰቡ የሳይንስ ቤተሰብ ቢሆንም የሀብታም ቤተሰብ አልነበረም። በአንድ ዓመት የሚበልጠው ወንድሙ ካርል ፍሪድሪሽ ሺምፐር አውሮፓ በአንድ ወቅት በበረዶ ተሸፍና እንደነበረ ከተናገሩት ቀደምት ሰዎች አንዱ ነው፤ የበረዶ ዘመን የሚለውን ስያሜ በ1837 ያወጣው እሱ ነው። የአጎታቸው ልጅ ቪልሄልም ፊሊፕ ሺምፐር ደግሞ በስትራስቡርግ የታወቀ፣ በድንጋይና በዛፍ ግንድ ላይ የሚበቅሉትን ጥቃቅን አረንጓዴ ተክሎች የሚያጠና ሊቅ ነበር። የዚህኛው ልጅ አንድሬያስ ሺምፐር ከሁሉም ይልቅ ስመ ጥር ሆነ፤ ወደ እሱ በኋላ እመለሳለሁ። የእኛው ሺምፐር በዚህ ሁሉ ሊቅ መሃል የኋላ ተነሺ ነው። የእጅ ሙያ ተማረ፣ ወታደር ሆነ፣ ወደ ሳይንሱ የገባው ወንድሙን ተከትሎ ሙኒክ ከደረሰ በኋላ ነው። መጽሐፍ ጽፎ ወንበር ላይ የሚቀመጥ ሊቅ ለመሆን ዘግይቷል። ተራራ ወጥቶ ተክል መልቀም ግን ይችላል።

በዚያን ጊዜ በጀርመን ኤስሊንገን ከተማ ሽቶይደልና ሆክሽቴተር የተባሉ ሁለት ሰዎች ያቋቋሙት አንድ ማኅበር ነበር። አሠራሩ በእኛ ቋንቋ ሲነገር እቁብ ይመስላል። አባላቱ ገንዘብ ያዋጣሉ፤ በገንዘቡ ተክል ለቃሚ ወደ ሩቅ አገር ይላካል፤ ለቃሚው የላከው የደረቀ ተክል እንደየመዋጮው ለአባላቱ ይከፋፈላል። ሺምፐር በ1831 ለዚሁ ሥራ ወደ አልጄሪያ ሄደ። በ1834 ደግሞ አንቶን ቪስት ከተባለ ጓደኛው ጋር ወደ ግብፅ ተላከ። በቀጣዩ ዓመት ግብፅን ወረርሽኝ መታት፣ ቪስት ካይሮ ላይ ሞተ። ሺምፐር ብቻውን ወደ ሲና በረሃ፣ ከዚያም ቀይ ባሕርን ተሻግሮ ወደ ሂጃዝ ዘለቀና በ1837 መጀመሪያ ምጽዋን አልፎ ዓድዋ ገባ። ወንድምየው የበረዶ ዘመንን ስም ባወጣበት ዓመት መሆኑ ነው። ታናሽየው ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ያን በረዶ በአካል የቀመሱትን የስሜን ተራሮች እየወጣ ተክል መልቀም ጀመረ። ለጥቂት ዓመታት የመጣው ሰው በሞት እስኪለይ ድረስ 41 ዓመት ኖረ።

ከሺምፐር ስብስብ ስንት ተክል ስም እንዳገኘ ቆጥሮ መጨረስ ያዳግታል። የሐበሻ ጥድ በሳይንሳዊ ስሙ ዩኒፐሩስ ፕሮሴራ ተብሎ በ1847 የተመዘገበው እሱ ከላካቸው ናሙናዎች ነው። ለኮሶ ትል የሚጠጣው እንቆቆ በሳይንስ ስሙ ኤምቤሊያ ሺምፐሪ ነው። በየአጥሩ የምናየው ስሚዛ፣ ወይም ሰንሰል፣ የሺምፐርን ስም ይዟል። መርዛማው ምረንዝም እንደዚሁ። በጉናና በስሜን አናት ላይ የሚበቅለው፣ ሻይ ውስጥ የምንጨምረው ጦስኝ ሳይቀር ቲመስ ሺምፐሪ ይባላል። እርግጥ ነው፣ ከእንቆቆም ሆነ ከጦስኝ ጋር ሺምፐር ከመምጣቱ በፊት ለብዙ ዘመን ኖረናል፤ ስምም አልነሳናቸውም። ሺምፐር ራሱ የአገሬውን መጠሪያና ጥቅሙን እየጠየቀ በማስታወሻው ላይ ይመዘግብ ነበር። በላቲኑ ስም ላይ የተቀመጠው ግን ያሳየው እረኛ ወይም የነገረችው ባልቴት ሳይሆን ለቃሚው ነው። ይህ የሺምፐር ጥፋት ሳይሆን የዘመኑ ሥርዓት ነው። ቢሆንም አንድ ነገር ሳይባል ሊታለፍ አይገባም ብዬ ነው።

የኤስሊንገኑ ማኅበር በ1840ዎቹ መጀመሪያ ሲዳከምና ገንዘቡ ሲቋረጥ ሺምፐር ባለበት ቀረ። በዚህ ጊዜ የደረሱለት የትግራይና የስሜን ገዥ ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ናቸው። ሺምፐር የካቶሊክ ሃይማኖት ተቀብሎ፣ የአገር ልጅ አግብቶ፣ ልጆችም ወልዶ ነበር። ደጃዝማች ውቤ ከዓድዋ በስተምሥራቅ ያለውን የእንትጮን አገር እንዲያስተዳድር ሰጡት። የተክል ሊቁ ግብር የሚሰበስብ ባላገር ሆነ ማለት ነው። ለሥራው ረዳት ብሎ ያስመጣው ሠዓሊው ኤድዋርድ ዛንደርም እዚሁ ቀርቶ ኢትዮጵያዊ ሆነ። እነዚህ ዓመታት ምናልባት የሺምፐር የተደላደሉ ዓመታት ናቸው። በ1855 ግን ካሣ ኃይሉ ደረስጌ ላይ ውቤን ድል ነሥተው፣ ውቤ ባሠሯት ደረስጌ ማርያም ውስጥ ቴዎድሮስ ተብለው ዘውድ ጫኑ። እንትጮም ከሺምፐር እጅ ወጣች።

ከዚያ ሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1858፣ ታሪክ ጸሐፊዎች ከሺምፐር ስም ጋር የሚያያይዙት ትልቁ ነገር መጣ። ድንችን ወደ ኢትዮጵያ ያስገባው እሱ ነው። እንግዲህ ከሌላ ዓለም የመጣ ነገር እንደመሆኑ ድንች ወዲያው ማሳ አልወረሰም። ለረጅም ጊዜ በጓሮ የሚተከል የጥቂት ሰው ምግብ ሆኖ ቆየ። ጤፍና ገብስ፣ ባቄላና ሽንብራ ባለበት ቤት ከመሬት ተቆፍሮ የሚወጣ ሥር ማን ይመኛል? ሕዝቡ ወደ ድንች ዞር ማለት የጀመረው በ1888 የከብት እልቂት ተነስቶ ክፉ ቀን የተባለው ረሃብ አገሩን ካራቆተ ወዲህ ነው ይባላል። ሺምፐር ከሞተ አሥር ዓመት አልፎታል ማለት ነው። ዛሬ በደቡብ ጎንደር ደጋ፣ በፋርጣ፣ በእስቴ፣ በላይ ጋይንት፣ ድንች እህል ሳይደርስ በፊት ቤተሰብ የሚያወጣ ምግብ ነው። የደብረ ታቦርን ገበያ ያየ ሰው በጆንያ የተደረደረውን ያውቀዋል።

ሺምፐር ወደ በጌምድር የመጣው በአፄ ቴዎድሮስ ዘመን ነው። በ1863 የለቀማቸው ናሙናዎች ላይ ደብረ ታቦርና ጋፋት የሚሉ ስሞች ተጽፈዋል። ስልሳ ዓመት ሊሞላው ነው። በአቅራቢያው ቫልድማየርና ዛልሙለርን የመሳሰሉት ሚስዮናውያን ባለሙያዎች፣ ወንጌል ሊሰብኩ መጥተው ለንጉሡ መንገድ ይቀይሳሉ፣ ጋሪ ይሠራሉ፣ ቆየት ብሎም መድፍ ያፈሳሉ። ንጉሡ ከፈረንጅ የሚፈልጉት ሙያ ይህ ነበር። ከእሳቸው አንጻር ሲታይ ተገቢ ነው፤ ዙሪያቸውን ጠላት የከበባቸው ንጉሥ የሣር ዓይነት ቆጥሮ ለሚያስረክባቸው ሰው ምን ያደርጉለታል? ከጥር 1864 ወዲህ ደግሞ የእንግሊዙ ቆንሲል ካሜሮን ታስሮ የፈረንጆች ነገር ሁሉ ተበላሸ። ሺምፐርም እንደ ፈቀደው ከአገር የማይወጣ ሰው ሆነ።

የደብረ ታቦርን ክረምት የሚያውቅ ሰው የሺምፐርን ሥራ ከባድነት ለመገመት አይቸገርም። ከተማዋ 2,700 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። ከበላይዋ ከ4,100 ሜትር በላይ የሚረዝመው ጉና ጭጋጉን ይልክባታል። ተክል የሚደርቀው በወረቀት መሃል ተደርጎ፣ ድንጋይ ወይም እንጨት ተጭኖበት፣ ወረቀቱ በየቀኑ እየተለወጠ ነው። ወረቀቱ ካልተለወጠ ወይም አየሩ ከረጠበ በሁለት በሦስት ቀን ውስጥ ሻጋታ ይወርሰዋል። ያን ጊዜ የሳምንት ድካም ይጣላል። የተክል ለቃሚ ቀንደኛ ጠላት ሻጋታ ነው። ወረቀት ደግሞ በዚያ ዘመን በጌምድር ውስጥ እንደ ልብ የሚገኝ ዕቃ አልነበረም።

ሻጋታ፣ ዋግ፣ እንጉዳይ፤ እነዚህን ሁሉ ሳይንስ ፈንገስ በሚል አንድ ስም ይጠራቸዋል። በሺምፐር ዘመን የተክል ሊቃውንት ትልቅ ክርክር እዚህ ላይ ነበር። ሺምፐር ድንችን ከማምጣቱ አሥራ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ፣ ከ1845 ጀምሮ፣ አየርላንድ ውስጥ የድንች ማሳ በሳምንት ውስጥ እየጠቆረ ይበሰብስ ጀመር። አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው በረሃብና በረሃብ ወለድ በሽታ አለቀ፣ ከዚያ የማያንስ ሕዝብ ተሰደደ። በቅጠሉ ላይ ነጭ ሻጋታ መኖሩን ሁሉም አየ። ጥያቄው ሻጋታው በሽታውን አመጣው ወይስ በሽታው ሻጋታውን የሚል ነበር። ብዙዎቹ ጥፋቱን በዝናቡና በክፉ አየር ላይ አላከኩ። አንቶን ደ ባሪ የተባለ ጀርመናዊ በ1861 በሙከራ አሳየ፤ ነፍሰ ገዳዩ ሻጋታው ራሱ ነው። በ1876 ደግሞ ተክል አጥፊ የሚል ትርጉም ያለውን ፋይቶፍቶራ የሚለውን ስም አወጣለት።

ሺምፐር ይህን ሁሉ በቅርብ ለመከታተል የሚችልበት ቦታ ላይ አልነበረም። በ1867 አፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ሴባስቶፖልን እያስጎተቱ ወደ መቅደላ ሲያመሩ ፈረንጆቹም አብረው ተጓዙ። ሚያዝያ 1868 የጄኔራል ናፒዬር ጦር አምባውን ሲይዝ ከተለቀቁት መሃል ሺምፐርና ዛንደር ይገኙበታል። ዛንደር በዚያው ዓመት ሞተ። ሌሎቹ አብዛኞቹ ከጦሩ ጋር ወደ ባሕር ወረዱ። 63 ዓመት የሆነው ሺምፐር ግን ወደ ዓድዋ ተመለሰ። አውሮፓ ውስጥ የሚጠብቀው ርስትም ወንበርም አልነበረም፤ ቤተሰቡ፣ ቋንቋው፣ የሚያውቀው ተራራ እዚህ ነው። ይህን ውሳኔ ሳስበው ስለ ሰውየው ከላቲን ስሞቹ ሁሉ ይበልጥ ይነግረኛል።

በእነዚያ የመከራ ዓመታት ሺምፐር ስለ ትግራይ ተክሎች፣ አፈርና ድንጋይ የጻፈው ሰፊ ማስታወሻ ከሠራቸው ካርታዎች ጋር ለንደን ገባ። የእጅ ጽሑፉ ከመቶ ዓመት በላይ በብሪቲሽ ቤተ መጻሕፍት ተቀምጦ ከቆየ በኋላ በ2010ዎቹ ተተርጉሞ በኢንተርኔት ወጣ። ስለ ተክል ብቻ የሚናገር እንዳይመስላችሁ። የቱ ዛፍ በየትኛው አፈር ላይ እንደሚበቅል፣ ሕዝቡ ለምን እንደሚጠቀምበት ይተነትናል። አሁን ሥነ ምህዳር የምንለውን ነገር ቃሉ ራሱ ገና በተፈጠረበት ዘመን ይሠራው ነበር።

ሺምፐር በጥቅምት 1878 ዓድዋ ላይ አረፈ። ይህችን ዓመት ልብ በሉልኝ። ያው ደ ባሪ በዚያ ዓመት መስከረም ካሰል ከተማ በተደረገ የሳይንቲስቶች ጉባኤ ላይ አንድ ንግግር አድርጎ ነበር። ሁለት የተለያዩ ፍጥረታት አብረው መኖራቸው በተፈጥሮ ውስጥ የተለመደ ነገር እንደሆነ አስረዳና ይህን አኗኗር ሲምባዮሲስ ብሎ ጠራው። በድንጋይና በዛፍ ላይ የምናየው ሽበት የሚመስል ልጣፊ አንድ ፍጥረት ሳይሆን የፈንገስና የአልጌ ትዳር ነው። ስትራስቡርግ ላይ በደ ባሪ እጅ ከተማሩት አንዱ አንድሬያስ ሺምፐር ነው፤ የእኛው ሺምፐር የአጎት ልጅ፣ ልጅ። ዶክትሬቱን ያገኘውም በዚያው በ1878 ነው። ዓድዋ ላይ አንዱ ሺምፐር ሲያልፍ ስትራስቡርግ ላይ ሌላው ተነሳ።

አንድሬያስ በ1883 አንድ ድፍረት የተሞላበት ሐሳብ ጣል አደረገ። በቅጠል ውስጥ ሆነው የፀሐይን ብርሃን ወደ ምግብ የሚለውጡት አረንጓዴ ቅንጣቶች እንደ ባክቴሪያ ለሁለት እየተከፈሉ ይራባሉ፤ እንግዲያው ምናልባት በአንድ ወቅት በራሳቸው የሚኖሩ ፍጥረታት ነበሩ አለ። ዛሬ ይህ የተረጋገጠ ነገር ነው። ቅንጣቶቹ የመጡት በውሃ ውስጥ ከሚኖሩ፣ ሳያኖባክቴሪያ ከሚባሉ ጥቃቅን ነፍሳት ነው። የእነሱ ዘመዶች ዛሬም በውቅያኖስ ውስጥ ሞልተዋል። በዓለም ላይ ከሚካሄደው የብርሃን ምግብ ዝግጅት ግማሽ ያህሉን የሚሠሩት እነሱና መሰሎቻቸው የባሕር ጥቃቅን ተክሎች ናቸው። አንድሬያስም እነዚህኑ ፍለጋ በ1898 ቫልዲቪያ በተባለችው መርከብ ከጀርመን የጥልቅ ባሕር ጉዞ ጋር ሄደ። በጉዞው ላይ የያዘው ወባ ሳይለቀው በ1901 በ45 ዓመቱ ሞተ። እንግዲህ አንድ ቤተሰብ ነው፤ አንዱ ጉና ግርጌ፣ አንዱ ውቅያኖስ ላይ።

ጉናንና ውቅያኖሱን ያገናኘሁት ለጨዋታ ያህል አይደለም። ደ ባሪ የደረሰበት የድንች ገዳይ ለረጅም ዘመን ፈንገስ ነው ሲባል ኖሮ የዘረመል ጥናት ሲመጣ ፈንገስ ሆኖ አልተገኘም። መልኩና ጠባዩ የፈንገስ ይሁን እንጂ ዝምድናው ከባሕር አልጌዎች ጋር ነው። ግድግዳው እንደ ተክል ሴሉሎስ እንጂ እንደ እንጉዳይ ኪቲን አይደለም። ዘሩ ጅራት አብቅሎ በውሃ ላይ ይዋኛል። ለዚህ ነው ቅጠል ላይ ጥቂት ሰዓት የሚቆይ እርጥበት የሚበቃው፤ በዚያች ቀጭን ውሃ ላይ ዋኝቶ የቅጠሉን ቆዳ ይበሳል። ቀዝቀዝ ያለ አየር፣ ጭጋግ፣ የማያቋርጥ ካፊያ ሲያገኝ ማሳውን በሳምንት ያከስላል። የፋርጣ ክረምት ማለት ደግሞ ይኸው ነው። ገበሬው ሪዶሚልና ማንኮዜብ ገዝቶ ይረጫል፣ ያጣው ደግሞ ክረምቱን ሸሽቶ በመስኖና በበልግ ይተክላል። ጓሳ፣ ጉደኔ፣ በለጠ የሚባሉትን ዝርያዎች የአገራችን ተመራማሪዎች ሲያወጡ ከዋና ዋና ፈተናቸው አንዱ ይኸው በሽታ ነበር።

በ2013 ቱቢንገን ያሉ ተመራማሪዎች ከሌሎች ጋር ሆነው ያደረጉት ነገር የሺምፐርን ወረቀቶች በሌላ ዓይን እንድናይ ያደርጋል። ለንደን አጠገብ ካለው ከኪው እና ከሙኒክ የተክል መዛግብት ከመቶ ዓመት በፊት የደረቁ የድንች ቅጠሎችን አወጡ። በቅጠሉ ላይ ካለው ጥቁር ነጠብጣብ ጥቂት ቆርሰው የገዳዩን ዘረመል አነበቡ። አየርላንድን ያስራበው ዝርያ ቀድሞ ይጠረጠር የነበረው አለመሆኑን ያወቁት በዚህ መንገድ ነው። የደረቀ ቅጠል ለካ ተክሉን ብቻ አይደለም የሚያስቀምጠው። በላዩ ያረፈውን ዋግ፣ በሥሩ የተጠመጠመውን ፈንገስ፣ በውስጡ ያለውን ባክቴሪያ ጭምር ይዞ ይኖራል። ሺምፐር ወረቀት እየለወጠ ሲከላከለው የነበረው ነገር ዛሬ በመቆንጠጫ የሚፈለግ ሆነ።

ከመሬት በታች ያለውም እንደዚሁ ነው። ያው በሺምፐር ናሙና የተመዘገበው ጥድ፣ ከወይራና ከጥቁር እንጨት ጋር፣ ከሥሩ ጋር የሚኖሩ ፈንገሶች ከሌሉ በቅጡ አይበቅልም። ፈንገሱ ፎስፈረስና ውሃ ከአፈር ለቅሞ ለዛፉ ይሰጣል፣ ዛፉ ስኳር ይከፍለዋል። ተስፋዬ ውበት የተባሉ ኢትዮጵያዊ ተመራማሪ በ2000ዎቹ ከቱቢንገን ዩኒቨርሲቲ ባልደረቦቻቸው ጋር እነዚህን ፈንገሶች በዘረመል ለይተው ሲያጠኑ ብዙዎቹ ከዚያ በፊት የማይታወቁ ሆነው አገኟቸው። ደቡብ ጎንደር ላይ አገር በቀሉ ጥድ ከነአፈሩ የቀረው በአብዛኛው በየቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ነው። ዛፉ ሲቆረጥ የምናየው ዛፉን ነው፤ ከሥሩ ያለው ማኅበር ሲበተን የሚያይ የለም።

የሺምፐር ወረቀቶች ሁሉ አልተረፉም። በርሊን የነበረው ትልቅ ስብስብ መጋቢት 1 ቀን 1943 ሌሊት በአውሮፕላን ድብደባ ከነሕንፃው ነደደ። የእቁቡ ጥቅም የታየው ያን ጊዜ ነው፤ ሺምፐር ከአንድ ተክል ብዙ ቅጂ እየለቀመ ለብዙ ከተማ ስለላከ በለንደን፣ በፓሪስ፣ በቱቢንገንና በሌሎችም ከተሞች መንታዎቹ ቀርተዋል። ከ1980 እስከ 2009 የተዘጋጀው የኢትዮጵያና የኤርትራ ተክሎች መዝገብ ስምንቱን ቅጽ የገለጠ ሰው የሺምፐርን ስም በየገጹ ያገኘዋል።

አሁን አብዛኞቹ ወረቀቶች ፎቶ ተነሥተው በኢንተርኔት ይታያሉ። ደብረ ታቦር ላይ የተቀመጠ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ኔትወርክ ካላስቸገረው በ1863 ከከተማው ዳር የተቆረጠውን ቅጠል፣ ደብረ ታቦር የሚለውን ጽሑፍ፣ በቅጠሉ ላይ ያለውን ነጠብጣብ ሳይቀር አጉልቶ ማየት ይችላል። ከነጠብጣቡ ቆርሶ ምን እንደሆነ ለመመርመር ግን ባሕር ተሻግሮ፣ ደብዳቤ ጽፎ፣ ፈቃድ መጠየቅ አለበት።